የጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል፦ ጠንካራ ምርመራ፣ ደካማ ክትትል

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ሕክምና፣ ሁለት የቅርብ ዘመዶቼን ሳስታምም ከአንድ ዓመት በላይ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ጥንካሬውም ጉድለቱም የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን በስም አልጠቅሰውም። የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ወራትን፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክን የሚጠይቅ ሕክምና ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ታካሚው ከተሻለው በኋላም ተመልሶ ሲመጣና ሲመጣም መድኃኒቱን ሲያገኝ ነው። ግምገማዬን የጻፍሁት በዚህ ሚዛን ነው።

አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሕመምተኛውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የግድ ነበር፤ ብዙዎችም ሳይመጡ ቀርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች ለይተው እንዲያክሙ የሚያስችል መርሐ ግብር ጀመረ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ወሰነች። እኔ በማውቀው ክፍል አንዲት የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስና ሥልጠና የወሰደ አንድ ጤና መኮንን ይሠራሉ።

የክፍሉ ትልቁ ሀብት ጠያቂነቱ ነው። አክስቴ ወደዚያ ከመሄዳቸው በፊት ራስ ምታት፣ ልብ ማቃጠልና የጀርባ ሕመም እያሉ በየክሊኒኩ ተመላልሰዋል፤ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ታይፎይድ እየተባለ መድኃኒት ታዞላቸዋል። አንድም ሰው እንቅልፋቸውን አልጠየቃቸውም ነበር። ነርሷ ግን ካርዱን ከፈት አድርጋ ካየች በኋላ ወደ ጎን አስቀመጠችውና «እናቴ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይነቃሉ?» ብላ ጀመረች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው እስኪነጋ ጣራ ጣራ እንደሚያዩ እኛ የቤት ሰዎች እንኳ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ቀጥላ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣቱና ማኅበር መሄዱ አሁንም ደስ ይላቸው እንደሆነ፣ ራሳቸውን ይወቅሱ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ከጀመረም ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀች። ድብርት ለመባል የከፋው ስሜት ወይም ደስታ ማጣቱ በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መቆየትና የሰውየውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ማወክ አለበት። በቅርቡ ሐዘን ደርሶባቸው እንደሆነም ሳትጠይቅ አላለፈችም፤ የሞተበት ሰው ማልቀሱና እንቅልፍ ማጣቱ በራሱ በሽታ አይደለምና።

ከዚያም ብዙ ቤተሰብ የሚፈራውን ጥያቄ አነሣች፤ «መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» እኔ ደንግጬ ነበር፤ አክስቴ ግን እፎይ ያሉ ይመስል ነበር። መጠየቁ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣም፤ የነበረውን አውጥቶ ለመናገር በር ይከፍታል። ይህን ጥያቄ በእንዲህ ያለ ጨዋነት የምትጠይቅ ባለሙያ ያለችበት ክፍል፣ ወንበሩ ቢሰበርም ግድግዳው ቢላላጥም፣ ዋናውን ነገር ይዟል እላለሁ።

ሌላው ያስደነቀኝ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ያለፈውን ዘመን ወደ ኋላ ተመልሳ መመርመሯ ነው። እንቅልፍ ሳያምራቸው ብርታት የተትረፈረፈበት፣ ንግግራቸው የፈጠነበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ ያወጡበት ወቅት ነበር ወይ ብላ እኔንም ጭምር ጠየቀችኝ። የባይፖላር ሕመም፣ ማለትም ድብርትና ከፍተኛ መነሣሣት የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ወደ ሕክምና የሚመጣው ብዙ ጊዜ በድብርቱ ወቅት ሲሆን፣ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠው ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ከፍተኛ መነሣሣት፣ ሊገፋው ይችላል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ታዘዘ፤ የእንቅርት ዕጢው ምርመራ ግን በጤና ጣቢያው ስለሌለ በግል ላቦራቶሪ በራሳችን ወጪ አሠራን።

የታዘዘላቸው ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት እንክብል። ስለ መድኃኒቱ የተሰጠው ማብራሪያ በግል ክሊኒክ ከፍዬ ካገኘሁት የተሻለ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መረበሽ ሊኖር እንደሚችል፣ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደሆነ፣ ከተሻላቸው በኋላም ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያህል መቀጠል እንዳለባቸው ተነገራቸው። አክስቴ «ሱስ አይሆንብኝም?» ሲሉ፣ ፍሉኦክሰቲን ሱስ እንደማያስይዝ፣ ቢሆንም በድንገት ሳይሆን በባለሙያ ምክር ቀስ እያሉ እንደሚያቆሙት አስረዳቻቸው። ሱስ የሚያስይዘው፣ ብዙ ሰው ለእንቅልፍ ብሎ ከጎረቤት የሚዋሰው ዲያዜፓም ነው፤ ይህን በየሰፈሩ ደጋግሞ መናገር የሚያስፈልግ ይመስለኛል። በሁለተኛው ወር አክስቴ ራሳቸው ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ።

ሁለተኛው ታካሚ የአጎቴ ልጅ ነው፤ የእርሱ ታሪክ ከበድ ይላል። ምግቡ ተመርዟል እያለ ከገበታ ይነሣ፣ ለብቻው ይስቅ፣ የማንሰማውን ድምፅ እየሰማ ይመልስ ነበር፤ ቤተሰቡም ሰው ድግምት አድርጎበታል ብሎ ወራትን አሳለፈ። ሕክምናውን የጀመረው በሆስፒታል፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም በሚሰጠው ሃሎፔሪዶል በተባለ መድኃኒት ሲሆን፣ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ ዓይኑ ወደ ላይ ተንጋለለ። ያየ ሁሉ መንፈስ ነው አለ፤ ነገር ግን የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነበርና ማፍታቻ መርፌ ሲወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ቀና አለ። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ቢነገረን ኖሮ ያን ሁሉ ድንጋጤ ባልደነገጥን፣ እርሱም መድኃኒት ባልጠላ። ኋላ ለዚሁ ሕመም በወር አንድ ጊዜ የሚወጋውን የፍሉፌናዚን መርፌ ጀምሮ፣ ለክትትል ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ተላከ። በየቀኑ እንክብል ዋጥ አልውጥም የሚለው ጭቅጭቅ በመርፌው ቀረልን። ነርሷ በየወሩ ጫት መቃሙን፣ ክብደቱን፣ የእጁን መንቀጥቀጥና የሰውነቱን መገታተር ታያለች፤ «ወንድሜ፣ ድምፁ አሁንም ይመጣል?» ብላም እርሱን ራሱን እንጂ እኛን ብቻ አትጠይቅም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከክፍሉ በር ውጭ ነው። መርፌው ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። የጤና መድን ያለው ሰው እዚያው ካገኘው ከኪሱ አያወጣም፤ ከሌለ ግን በግል መድኃኒት ቤቶች እየዞረ መፈለግ ይኖርበታል፤ አቅም የሌለው ደግሞ «በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሩ» ተብሎ ይመለሳል። የአጎቴ ልጅ በእንዲህ ያለ ወቅት መርፌው ሲያልፈው ቀስ በቀስ እንቅልፍ አጣ፣ ከቤት መውጣት አቆመ፣ ድምፁም ተመለሰ። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም እንደ እርሱ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ያለ ምክንያት የሚያስጠረጥር ሕመም፣ ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ከሚያገረሹት ምክንያቶች ዋነኛው የመድኃኒት መቋረጥ መሆኑን ክፍሉ ያውቃል፤ ፋርማሲውና የመድኃኒት አቅርቦቱን የሚመሩት ግን እንደሚያውቁ ሆነው አይሠሩም። የሳል ሽሮፕ ቢጠፋ ሰው ሳምንት ይታገሣል። የዚህ መርፌ መጥፋት ግን አንድ ወጣትን ከሥራው፣ አንዲትን እናት ከእንቅልፏ ያፈናቅላል።

ክትትሉም እንዲሁ ነው። መዝገብ አለ፤ የቀጠሮ ቀን ይጻፋል፤ ስልክ ቁጥርም ይመዘገባል። የቀረ ታካሚን ደውሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የአጎቴ ልጅ ቀጠሮው ባለፈበት ወቅት ማንም አልደወለልንም፤ ነርሷ ለሥልጠና ስትሄድም ክፍሉ ተዘግቶ በሩ ላይ ማስታወቂያ እንኳ አልተለጠፈም ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለክትባት ቤት ለቤት የሚሄዱበት አገር ስለሆነ፣ የቀሩ የአእምሮ ሕመምተኞችን ዝርዝር ለእነርሱ መስጠት አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። በተጨማሪም ክፍሉ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት በመሆኑ በሩ ላይ የተጻፈውን ሰው ሁሉ እያነበበ ያልፋል፤ ሰፈርተኛ እንዳያየኝ ብለው ከደጁ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

የክፍሉ ባለሙያዎች ስለ ጠበል ያላቸው አያያዝ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። አክስቴ በጾም ወቅት ጠበል ይጠመቃሉ፤ ነርሷም አንድም ቀን አልነቀፈቻቸውም። «ጠበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም» አለቻቸውና፣ ፍሉኦክሰቲን ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ ሊወሰድ ስለሚችል ሰዓቱን ከጾማቸው ጋር አስማማችላቸው። እዚያው ተራ ሲጠብቁ ለነበሩ፣ ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት ለሚወስዱ አንድ ታካሚ ግን ሌላ ምክር ሰጠች፦ በጾም ውኃ ሳይጠጡ መዋል በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ከፍ አድርጎ ሊመርዝ ስለሚችል፣ ከንስሓ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ ለመነቻቸው። መድኃኒቱን ከእምነት ጋር ሳያጋጩ፣ አደጋውንም ሳይሸፋፍኑ መናገር እንዲህ ነው።

የንግግር ሕክምና በዚህ ክፍል የለም ማለት ይቻላል፤ ለጭንቀት ሕመም ከመድኃኒት እኩል ሊጠቅም የሚችለው እርሱ ስለሆነ ጉድለቱ ያሳዝናል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችም በዚሁ ክፍል ስለሚታዩ ወረፋው ረጅም ነው።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም የሚንከራተት ዘመድ ላለው ሁሉ መጀመሪያ በአቅራቢያው ያለውን እንዲህ ያለ ክፍል እንዲሞክር እመክራለሁ። ስትሄዱ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ ከነማሸጊያቸው ያዙ፤ ሕመምተኛውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይግባ፤ መርፌ ወይም እንክብል ከማለቁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ፋርማሲውን ጠይቁ። ሕይወቱን ለማጥፋት እየዛተ ያለን፣ ምግብና ውኃ እምቢ ያለን ወይም ሰው ሊጎዳ የተነሣን ሰው ግን ለቀጠሮ አታቆዩት፤ ብቻውን ሳትተዉት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።