ውሻ ለነከሰው ሰው የምጠቁማት ሲስተር

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ መርፌ ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ እኔም እንደ ታካሚዎቿ ሲስተር እላታለሁ። የእህቴን ልጅ ውሻ ነክሶት ያከመችው እሷ ናት። አሁን ደህና ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ጨርሷል። ላመሰግናት ነው የምጽፈው። ለእናንተም ልጠቁማት።

ነገሩ የሆነው ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዎቹ ሄዱ፣ ብዙ ውሾች ግን እዚያው ቀሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዱ፣ ማንም ሳይነካው፣ መጥቶ የግራ እጁን ያዘው። ጥርሱ አውራ ጣቱ ሥር ገብቷል። ውሻው እዚያው ጠፋ። ቢያዝ ኖሮ እብድ መሆን አለመሆኑ 10 ቀን ተጠብቆ ይታይ ነበር፣ እሱም አልሆነልንም።

እህቴ በድንጋጤ ቅርብ ወዳገኘችው የግል ክሊኒክ ወሰደችው። እዚያ ቲታነስ ወጉትና "ቁስሉን እንስፋው፣ ለክትባቱ ሰኞ አምጪው" አሏት። ደግነቱ እናታችን አብራ ነበረች። "ውሻ የነከሰው ሰው ሰኞን አይጠብቅም!" ብላ ልጁን እየጎተተች ወጣች። እኔ የደረስኩባቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው።

ሲስተር መርፌ ከማንሳቷ በፊት ልጁን ቧንቧ ሥር አስቆመችው። ሳሙና አመጣች። ሰዓቷን እያየች 15 ደቂቃ ሙሉ ቁስሉን አጠበች። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰውዬ ሲያጉረመርም ዞር ብላም አላየችው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ቁስሉ ላይ እያለ ሳሙና ያጠፋዋል። ነርቭ ውስጥ ከገባ ግን ጉዞው ወደ አንጎል ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የተረፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህን የነገረችን ልጁ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ከዚያ አዮዲን ቀባችው። ስለ ስፌቱ ስንጠይቃት "የውሻ ንክሻ ወዲያው አይሰፋም" አለችና አለፈችው።

ጥርስ ቆዳ በስቶ ከገባ ንክሻው ከባድ ከሚባለው፣ ከ3ኛው ደረጃ ነው የሚመደበው። ለዚህ ደግሞ ክትባት ብቻውን አይበቃም። ለምን እንደሆነ እናቴ ስትጠይቃት እንዲህ አለቻት፦ "እማማ፣ ክትባቱ ማለት ገና ከአገር ቤት እየመጣ ያለ ዘበኛ ነው። ደርሶ ሥራ እስኪጀምር ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይሄኛው ለዛሬ ማታ ከጎረቤት የምንዋሰው ነው።" ይሄኛው ያለችው ኢሚኖግሎቡሊን የሚባለውን ነው። ሰውነት ራሱ እስኪሠራ ሳይጠበቅ ቫይረሱን የሚይዝ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው።

ችግሩ፣ የዚያን ቀን እነሱ ጋ አልነበረም። የእብድ ውሻ ክትባት ራሱ በየቦታው አይገኝም፣ ይሄኛው ደግሞ ይብሳል። ሌላ ሰው ቢሆን "የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ" ብሎ ይሸኘናል። እሷ ክትባቱን አስጀመረችው፣ ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ መደወል ጀመረች። አንዱ ፋርማሲ አለን ሲላት ለወንድሜ ሦስት ነገር አስጠነቀቀችው፦ ከፍሪጅ ሲወጣ በዓይንህ እይ፣ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን አንብብ፣ በረዶ ባለው ሳጥን ይዘህ ና። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ዋጋ የለውም። ባይገኝስ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7ኛው ቀን መፈለግ ይቻላል፣ ከዚያ ወዲያ ሰውነቱ የራሱን መሥራት ስለሚጀምር አይሰጥም አለችኝ።

መድኃኒቱ ሲመጣ ልጁን ሚዛን ላይ አወጣችው። 24 ኪሎ። የተገኘው ከተከተቡ ፈረሶች ደም የሚዘጋጀው ስለነበር በኪሎ 40 ዩኒት ሂሳብ 960 ሆነ። ከሰው የሚዘጋጀው ቢሆን በኪሎ 20 ይበቃ ነበር። ልጁ "ፈረስ?" ብሎ ለቅሶውን አቋረጠ። "አዎ አንበሳዬ፣ የፈረስ ጉልበት ነው" አለችው። ግን ያመዋል፣ አልደብቃችሁም። መርፌው የሚወጋው ክንድ ላይ አይደለም፣ እዚያው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው፤ ጣት አካባቢ ደግሞ ቦታ የለም። በጥቂት በጥቂቱ፣ የጣቱን ቀለም እያየች ሰጠችው። አለርጂ ቢነሳ ብላ አድሬናሊን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር፣ ከጨረሰች በኋላም ቶሎ አልለቀቀችንም።

ቤት ገብቼ ሳነብ ያወቅኩት አንድ ነገር አለ። ፈረስም የሰው ደምም የማይፈልግ፣ በላቦራቶሪ የሚመረት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ሕንድ ውስጥ እየተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ምነው እኛም ጋ እንደ ልብ በተገኘ!

እናቴ ስትንቀጠቀጥ የነበረው ግን በሌላ ነገር ነው። በእሷ ዘመን ፓስተር የሚባለው የክትባት ተቋም ሄዶ እምብርት ዙሪያ በየቀኑ መወጋት ነበር፣ እስከ 17 መርፌ። ያ ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት ነው። ሲስተር ሳቀችና "እማማ፣ ያ ቀርቷል፣ አሁን ክንድ ላይ ነው" አለቻት። የልጁ ቀጠሮ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ነበር። 7ኛው ቀን በዓል ላይ ሲውል ተረኛዋን ቀድማ አናግራ ጠበቀችን።

እውነቱን ለመናገር ቁጡ ናት። ወረፋ ሲረበሽ ትጮኻለች፣ "ጠበል ወስደነው ነበር" ያለችን አንዲት እናትማ እኛ ፊት ነው የገሰጸቻት። ፈገግታ ለሚፈልግ ሰው አልጠቁማትም። ለልጄ ብዬ ግን ከማንም በፊት የምሮጠው ወደ እሷ ነው።

የት እንደምትገኝ የሚፈልግ ኢንቦክስ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ማታና እሁድ ላትኖር ስለምትችል ደውላችሁ ሂዱ። ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ቁስሉን በሳሙና ማጠብ ጀምሩ።