ለበጎ ፈቃድ ኬንያ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ሒሳቡን እንተሳሰብ

ሐዋሳ አቶቴ ባለችው የጥገና ሱቄ ሬዲዮና ሶላር ለማሠራት ከሚመጣው ይልቅ «አንተ ኬንያ ሄደህ አልነበር? በየት በኩል ነው የሚኬደው?» የሚለኝ ከበዛ ቆየ። ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያ ያሳየኛል፦ አረንጓዴ ሜዳ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት፣ መሐላቸው ቲሸርት የለበሰ ፈገግተኛ ወጣት፣ ከሥር ዋጋው በዶላር። ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ቡና እየጋበዝኩ ከምደግም አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ተበልቻለሁ።

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ለኤጀንሲ ከፍሎ መሄድ፤ ሁለተኛው እንደ ተባበሩት መንግሥታትና እንደ አፍሪካ ኅብረት ባሉ በማያስከፍሉ ፕሮግራሞች ተወዳድሮ ማለፍ፤ ሦስተኛው በሚያውቁት ሰው በኩል ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ መሄድ። የእጅ ሙያ ላለው ሦስተኛውን እመርጥለታለሁ። ዲግሪም ትዕግሥትም ያለው ሁለተኛውን ይሞክር። የመጀመሪያውን ለጠላትም አይስጥ።

የከፈልኩት ዝርዝር እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ አለ። በ2015 ክረምት ነው። ምዝገባ 60 ዶላር፣ «ምደባ» 280 ዶላር፣ «አቀባበልና ማስተዋወቂያ» 90 ዶላር፣ «ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ» 50 ዶላር፤ ድምር 480። ያኔ ባንክ ላይ አንድ ዶላር 54 ብር ገደማ ይባል ነበር፤ ግን ባንክ ሄዶ ዶላር የሚሰጠው ማን ነው? ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ፤ ከ50 ሺህ ብር በላይ ወጣብኝ። መጓጓዣ፣ ምግብና ፓስፖርት በዚህ ውስጥ የሉም። መጓጓዣው በራሴ እንደሆነ የተነገረኝ እንኳ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው 480 ዶላር በባንክ ዋጋ ቢገኝ እንኳ እኔ ያኔ በጎን ከከፈልኩት ይበልጣል።

በዚህ ገንዘብ የገዛሁት ምንድን ነው? በምዕራብ ኬንያ፣ ካካሜጋ ካውንቲ፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት «ለአራት ሳምንት ሳይንስ ማስተማር»። ኤጀንሲው ነሐሴን የመረጠልኝ «ክረምት ስለሆነ ይመችሃል» ብሎ ነው። ሻንጣዬን ጎትቼ ስደርስ የትምህርት ቤቱ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። የኬንያ የትምህርት ዓመት እንደኛ በመስከረም አይጀምርም። ከታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ተነስቶ በሦስት ተርም ይከፈላል፤ ሚያዝያ ላይ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከዚያም ከኅዳር ጀምሮ እረፍት ነው። እኛ ክረምት ላይ ነፃ ስንሆን እነሱም ቤታቸው ናቸው። ይህን የማያውቅ ኤጀንሲ አይኖርም። አውቆ ነው የሸጠልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግድግዳ ስንቀባ ከረምን። አሮጌውን ቀለም ስፍቀው ከሥሩ ሌላ ቀለም ወጣ፤ እሱን ስፍቀው ሌላ። ርዕሰ መምህሩን ባየሁበት ዓይን ገብቶት ሳቀ። «በየዓመቱ ትመጣላችሁ፣ በየዓመቱ ትቀባላችሁ» አለኝ። እንጀራቸውን ላለማጣት ዝም ይላሉ። ከ«ድጋፍ» የደረሳቸው ሁለት ኳስና አንድ ካርቶን ጠመኔ ነው።

እዚያ ግቢ ውስጥ የተሰበረ የእጅ ፓምፕ ቆሟል፤ አፍሪዴቭ የሚባለው፣ እኛም ገጠር የምናውቀው። አምስት ወር ሆኖታል። ከእኛ በፊት የመጣ ቡድን አጠገቡ ፎቶ ተነስቶ «አዲስ ጉድጓድ እናስቆፍርላቸው» እያለ ገንዘብ ያሰባስባል አሉ። እኔ ቦሪቻ ላይ ከወረዳው የውሃ ሠራተኞች ጋር ሁለት ክረምት ስለሠራሁ እጄ አላርፍ አለ። አፍሪዴቭ መጀመሪያውኑ የታሰበው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነው። የሚፈታው በአንድ ቁልፍ ነው፤ ክሬንም መኪናም አይፈልግም። ከጥበቃው ጋር ሆነን ዘንጉን ስበን ስናወጣው ፒስተኑ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ተበልታ አልቃለች። ገበያ ሄጄ በ250 ሽልንግ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ መጣ፤ ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ሲወጡ ከየት እንደሰሙ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ሁሉ ወጪ ለሰፈሩ የጠቀመችው 250 ሽልንግ ናት፤ እሷም ከዶላሩ ሳይሆን ከኪሴ ነው የወጣችው።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ትምህርት ሲከፈት አምስተኛ ክፍል አስገቡኝ። የክፍሉ አስተማሪ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ልጆቹ ደግሞ እየተሳሳቁ። ኬንያ ውስጥ በመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ያልተመዘገበ ሰው ማስተማር እንደማይፈቀድለት የነገረኝ ያው ኋላ የተቀመጠው አስተማሪ ነው፣ በጨዋነት፣ ሻይ እያፈላልኝ። ስለዚህ «ማስተማር» ተብሎ የተሸጠልኝ ነገር ከመጀመሪያውም የሚሸጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ ይለኛል። ይርጋለም ሲማር ያስተማረውን የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የሚልካቸው በጎ ፈቃደኞች) አስተማሪ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ፒስ ኮሮች መጀመሪያ በ1955 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲመጡ ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተመድበው ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! የእኔ ልጆች ስሜን የያዙት አይመስለኝም።

አሁን ስለ ኮፒው። የስልክ ቻርጀር ኮፒ እንዳለው ሁሉ በጎ ፈቃድም ኮፒ አለው፣ ያውም የባሰ። የተባበሩት መንግሥታትን አርማ ለጥፎ «የማመልከቻ ክፍያ 3000 ብር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው፤ ሌላ ማጣራት አያስፈልገውም። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም በማመልከቻም፣ በፈተናም፣ በምደባም ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም። ሁለተኛው ምልክት ሰርተፊኬቱ ነው፦ «ይህን ይዘህ ካናዳ ቪዛ ይቀልልሃል» ይሏችኋል። እንዳልዋሽ እኔም የሄድኩት ለሰርተፊኬቱ ነው። ወርቃማ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን ያነበበው ደንበኛ አንድ ነው፣ እሱም የዋጋ ዝርዝር መስሎት።

ሦስተኛው ምልክት ከባድ ነው። ገንዘብ ካነሰህ ብለው «የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ» በ200 ዶላር አቀረቡልኝ። እንዲህ ባሉ ቤቶች ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ ያላቸው ናቸው፤ እንግዳ ስለሚከፍል ነው ልጁ ከቤቱ ወጥቶ እዚያ የሚቀመጠው። አውስትራሊያ በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ጉዳዩን አብራ አንስታዋለች፤ በቀጣዩ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በሕፃናት መብት ውሳኔው ጠቅሶታል። ልጅ በየወሩ የሚቀያየር «ወንድም» አይፈልግም። ይህን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ሁለተኛውን መንገድ በአጭሩ ላንሳው፣ ምክንያቱም ራሴ አልሄድኩበትም፤ ጎረቤቴ ናት የሄደችው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች በ1970 እንደ ፈረንጅ የተቋቋመ ነው፤ ዋና ቢሮው ቦን፣ ጀርመን። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ የወር መተዳደሪያ፣ ጉዞና ኢንሹራንስ ይሸፍናሉ። ከ18 እስከ 26 ዓመት ላለ ወጣት ለብቻው መደብ አለው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ኮርም አለ፤ ከ18 እስከ 35 ላለ፣ ለ12 ወር፣ ከራስ አገር ውጪ በሌላ የአፍሪካ አገር። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ማነሱ ይገርመኛል። ጎረቤቴ የወጣባት ለፓስፖርት 5000 ብር፣ ለኢንተርኔትና ለፎቶ ኮፒ ነው። ሌላው ዋጋ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ አመልክታ በአሥራ አራተኛው ወር ተጠራች፣ ማላዊ። ቅሬታዋም አንድ ነው፦ ገጠር ትምህርት ቤት ያየችው በወር አንዴ፣ ቀሪውን ከላፕቶፕ ጋር ቢሮ። ጠመኔ መያዝ የሚያምራችሁ ይህን አስቡበት። ለሙያና ለሲቪ ግን ከእኔ ባለወርቅ ማኅተም ወረቀት ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። ከያቤሎ ሶላር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛዬ የእህቱ ባል ሶሎሎ አካባቢ ያስተምራል፤ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው በኩል ማለት ነው። «ትምህርት ቤታችን ሦስት ሶላር አለው፣ ሦስቱም አይሠሩም» አለኝ በስልክ። በቃ፣ ይህ ነው ሥራ ማለት። እኔ «ልምጣ» አላልኩም፤ እነሱ ናቸው የጎደላቸውን የነገሩኝ። ልዩነቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ጥር 2017፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ እያሉ ሄድኩ። ሒሳቡ፦ ከሐዋሳ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቶቡስ 1000 ብር። ሞያሌ አልጋ 400 ብር። ከዚያ ወዲያ መኪና 500 ሽልንግ፤ ሽልንጉ ያኔ ከብር ጋር እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። መኝታ አስተማሪው ቤት በነፃ፤ ለምግብ 4000 ሽልንግ አስቀመጥኩ፣ ሚስቱ ልትቀበል አልፈለገችም፣ ስኳርና ዱቄት ገዝቼ አስገባሁ። ፊውዝ፣ ሽቦ፣ የባትሪ ውሃና መቆጣጠሪያ ከዚህ ይዤ የሄድኩት 6000 ብር። የፈቃዱን ክፍያ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተካፈልን። መልሱን ጨምሮ 20 ሺህ ብር አልሞላም፤ ከኤጀንሲው ግማሽ አይሆንም።

ፈቃድ ያልኩት እንዳያመልጣችሁ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። ያለ ክፍያም ቢሆን መሥራት ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ስፔሻል ፓስ የሚባለውን የአጭር ጊዜ የሥራ ፈቃድ ማስወጣት አለበት። የእኔ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ሳይወጣ አትነሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ደብተርም ያዙ። ድንበር ላይ አንዱ ጠባቂ «አሥር ዓመት አልፎታል» ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። ከ2016 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ አንዴ የተወጋ ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃው ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሦስቱ ሶላሮች የሦስት ለጋሾች ናቸው። አንደኛው ፓነል ጀርባው ላይ 150 ዋት ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ በቴስተር ስለካው ግማሹንም አይሰጥም። ኮፒ ነው። ሳነሳው ገና ቅለቱ ነግሮኛል። ሁለተኛው ላይ የመኪና ባትሪ ነው ያሰሩበት፤ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለመብራት አይሆንም፣ በዓመቱ ሞቷል። ሦስተኛው ደህና ዕቃ ነው፤ የተቃጠለው ፊውዝ ብቻ ነው፣ የ20 ብር ፊውዝ! ሁለት ዓመት የጨለመው በ20 ብር ነው። ከሦስቱ ሁለት የሚሠሩ አወጣሁ። ከዚያ የቀረውን ጊዜ ለሁለት አስተማሪዎችና ለትልልቆቹ ተማሪዎች ፊውዝ መቀየርና የባትሪ ውሃ መሙላት ሳሳይ ከረምኩ። ካካሜጋ ያልነበረኝ ነገር እዚህ ነበረኝ፦ እናቴ የሻሸመኔ ልጅ ናት፣ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ እነሱም ቦረና ናቸው። አነጋገሬ ቢያስቃቸውም እየተግባባን ነው የሠራነው። መብራት ይዤ ልሂድ የምትሉ፣ መልኩ ያማረውን ሳይሆን ቬራሶል የተባለው የሶላር ዕቃ መርማሪ ፕሮግራም ጥራቱን ያረጋገጠለትን ፈልጉ፤ ያለዚያ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ሥራ መፍጠር ነው።

የዚህኛው መንገድ ችግርም አለው። ኢንሹራንስ የለም፤ ብታመሙ የራሳችሁ ነው። የመንገዱ ሰላም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሾፌሮቹን ጠይቁ። ደግሞ የሚያውቁት ሰው ከሌለ በሩ አይከፈትም፣ እኔም ደንበኛዬ ባይኖር የት አገኘው ነበር።

ትናንት የመጣው ልጅ 600 ዶላር ሊከፍል ወስኗል፤ አባቱ በሬ ሸጠው እንደሚሰጡት ነገረኝ። «ምን ትችላለህ?» አልኩት። «ልጆች እወዳለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ቦሪቻ እንዲወርድ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ፓምፕ እንድንፈታ ተስማምተናል፤ ጠዋት 1 ሰዓት መናኸሪያ። ቁልፍ እኔ አለኝ። የመኪናውን ግን የራሱን ይክፈል ብዬዋለሁ።