ደሴ ላይ ለምሳ የምትወርዱ፣ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ

በወልድያ መስመር የምትጓዙ ወይም ለሥራ ሄዳችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት የምታርፉ ሁሉ፣ ይቺን አንብባችሁ ለዘመድ ወዳጅ አስተላልፉልኝ። በተለይ እናት አባት ይዛችሁ የምትሄዱ። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ምሳ ነው? የባህል ምግብ? ኑ ላሳያችሁ» የሚላችሁን ሰው ተከትላችሁ አትሂዱ። ከሄዳችሁም ዋጋው በቁጥር ሳይነገራችሁ እጃችሁን አትታጠቡ። እኔ ሁለቱንም ስህተት ሠርቼ ለሦስት ሰው የጾም ምሳ 2,500 ብር ከፍያለሁ።

ጉዞው ለለቅሶ ነበር። ከእናቴና ከጎረቤታችን ጋር ወደ ወልድያ እየሄድን ነው። ሁለቱም ተወልደው ያደጉት ወሎ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ተነሳን። ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፈን፣ ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ዳገት ጨርሰን ደሴ ስንገባ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ መጓዝ ለሽማግሌ ጉልበት ቀላል አይደለም። እናቴ ከአውቶቡሱ ስትወርድ እግሯ አልዘረጋ ብሏት ክንዴን ይዛ ነው የቆመችው። ረዳቱ «አርባ ደቂቃ! ከአርባ ደቂቃ በላይ አንጠብቅም!» እያለ ይጮሃል።

ልጁ የመጣው ያኔ ነው። ሥርዓት ያለው ልጅ ይመስላል። «እማማ፣ ይቺን ልያዝልዎ» ብሎ የእናቴን ዘንቢል ተቀበላት። ዘንቢሏ እሱ እጅ ገባች፣ እኛም ተከተልን። አሁን ሳስበው መቆም የነበረብን እዚያ ጋ ነበር። ዕቃችሁን ለማታውቁት ሰው ከሰጣችሁ ምሳ የምትበሉበትን ቤት የሚመርጠው እሱ ነው።

ቤቱ ሲያዩት ደስ ይላል። ግድግዳው ላይ ሰፌድና አገልግል ተሰቅሏል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሜኑ ግን የለም። «ዋጋ ዝርዝር አላችሁ?» ስል አስተናጋጇ «ሁሉም አለ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። የጠየቅኩት ስለ ዋጋ፣ የመለሰችልኝ ስለ ምግብ። ይቺን መልስ ልብ በሉልኝ። ዋጋ ስትጠይቁ ምግብ የሚቆጥርላችሁ ቤት ከገባችሁ ተነሱና ውጡ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። እናቴ ትጾማለች። ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ጥብስ አምሯቸዋል። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሆኖ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይቀየምም። ስለዚህ «የማን ሥጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ተመለሰችና «እንደፈለጉት ነው» አለቻቸው።

ጎረቤታችን ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሥጋ እንደፈለጉት አይታረድም» አሏት። በቁጣ አልነበረም። ሽሮ አዘዙ።

እኔና እናቴ አንድ የጾም በያይነቱ ለሁለት አዘዝን። ከአንድ በያይነቱና ከአንድ ሽሮ ሌላ ምንም አላልንም። የመጣው ሌላ ነው። ሦስት ትልልቅ ትሪ በያይነቱ ቀረበ። «ሽሮውስ?» ስንል «ስፔሻል ላይ አለ» ተባልን። ሦስት የታሸገ ውሃ ቆርኪው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። እንጀራ ተጨመረ። መብላት ስንጀምር ጥግ ላይ ዕጣን ጨሰ፣ ቡና ተቆላ፣ ቆሎና ፈንዲሻ መጣ። እናቴ ቡናውን ስታይ ዓይኗ በራ። «የአገሬ ሰው እንግዳ ሲያይ ዝም አይልም» አለችኝ። የቤቱ ግብዣ ነው የመሰላት። ከሁሉም በላይ እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሒሳቡ የመጣው የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ ነው። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል። ስፔሻል በያይነቱ ሦስት፣ አንዱ 480 ብር፣ 1,440። ውሃ ሦስት፣ 180። ተጨማሪ እንጀራ፣ 80። የቡና ሥነ ሥርዓት፣ 300። ድምሩ 2,000። ከሥሩ 15 በመቶ ቫት፣ 300። ከሱ ሥር 10 በመቶ ሰርቪስ፣ 200። ጠቅላላ 2,500 ብር።

ደረሰኝ ጠየቅኩ። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተባልኩ። ያላዘዝነውን ቀንሱ አልኩ። «በልታችሁታል እኮ!» ጡሩምባው ደግሞ ነፋ። እናቴ ምንም ሳትናገር የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ለሐዘንተኞቹ ልትሰጥ የቋጠረችው ገንዘብ ነው። እጇን ያዝኩና ከራሴ ከፈልኩ። ስንወጣ ያ ዘንቢል የያዘልን ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ብር ሲቀበል አይቼዋለሁ።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ስሙን ብነግራችሁ ያንን ቤት ትሸሻላችሁ፣ ነገ ግን ሌላ ሰፌድ የሰቀለ ቤት ውስጥ ያው ይደርስባችኋል። አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል። እነሱ የሚተማመኑት በጥድፊያችሁ ነው። አርባ ደቂቃ እንዳላችሁ፣ ዕቃችሁ አውቶቡስ ላይ እንዳለ፣ ነገ ተመልሳችሁ እንደማትመጡ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ሒሳቡ ቶሎ የማይመጣው። መኪናው ሲነሳ ማንም ቆሞ አይከራከርም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በግልጽ ቦታ መለጠፍ አለበት፣ ደረሰኝም መስጠት አለበት ይላል። ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ነው፤ ሸማች ዓይነት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ቁጭ ብላችሁ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ካልተስማማችሁ ተነስታችሁ መውጣት መብታችሁ ነው። ይሉኝታ አይያዛችሁ። እኔን የበላኝ ይሉኝታ ነው።

ስለ ቫትም አንድ ነገር። ቫት መሰብሰብ የሚችለው ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ነው፤ እሱም በማሽን ደረሰኝ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ታትሞበት። ደብተር ወረቀት ላይ «15 በመቶ» ብሎ በእስክሪብቶ የሚጽፍላችሁን አትክፈሉ። የማሽን ደረሰኝ ከሌለ ቫት የለም በሉ። ጊዜ ካላችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለከተማው ንግድ መምሪያ አመልክቱ። እኔ ወረቀቱን እንኳን ሳልይዝ ነው የሮጥኩት፤ እናንተ ያዙት።

ወሎ እንዲህ ያለ አገር አይደለም፤ ይህን ስል ለማሞገስ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ገብቶ የሚበላ ሰው አይጠየፍም ማለት ነው። አዳራሹ ዛሬም ከተማው ውስጥ ቆሟል። ልጅ ሆኜ እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። እዚያው ከተማ ውስጥ የለቅሶ ገንዘቧን ከቋጠሮ ስትፈታ ማየት ከብሩ በላይ ነው ያመመኝ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ጥሩ የባህል ምግብ ቤት የት አለ?» ካላችሁ ሰፌድ የተሰቀለበት ቤት ይወስዷችኋል። «ባህላዊ» የምትለዋ ቃል ራሷ ዋጋ ትጨምራለች። ሽሮና ምስር ለአገሩ ሰው የዘወትር ምሳ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የቆመውን ልጅ ወይም የባጃጅ ሹፌሩን «አንተ ምሳ የት ነው የምትበላው?» በሉት። መልሱ ሌላ ነው የሚሆነው። ከመናኸሪያ በር ትንሽ ራቁ፤ ፒያሳ አካባቢም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ የቢሮ ሠራተኛና ነጋዴ ተሰልፎ የሚበላበት ቤት አይጠፋም። ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ቤቱ ሞልቶ ካያችሁት እንጀራው የዕለቱ ነው፣ ወጡም አላደረም።

ስትገቡ ሳትቀመጡ «በያይነቱ ስንት ነው? ሽሮስ?» በሉ። ቁጥር ካልተነገራችሁ ውጡ። ያላዘዛችሁትን ውሃ ሲከፍቱ «አላዘዝንም» ብላችሁ ወዲያው መልሱ። ከተከፈተ በኋላ ክርክሩ ይከብዳል። ቡናውንም በስኒ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካው ጭልፋ እንዳይገባበት አስረግጣችሁ ተናገሩ። ሥጋ የምትበሉ ደግሞ ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን በር ላይ ምልክቱን አይታችሁ ግቡ። «ሁለቱም አለን» የሚል አንድ ጓዳ ካጋጠማችሁ የጎረቤታችንን ቃል አስታውሱ። የፍየል ጥብስ በኪሎ የምታዙ ከሆነ ሥጋው ጥሬውን ፊታችሁ ይመዘን፤ ከተጠበሰ በኋላ ኪሎው ስንት እንደነበር ማንም አያውቅም። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ ብዙ ቤት ስለሚዘጋ ስንቅ ይዛችሁ ተነሱ።

ሹፌሩ ራሱ የሚያቆምበት የመንገድ ዳር ቤትም ላይ ያው ጥንቃቄ አይለያችሁ። ሹፌርና ረዳት በነጻ የሚበሉበት ቤት ከሆነ ሒሳቡ ተሳፋሪው ላይ ነው የሚወድቀው። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ዳገቱን ሳትወጡ ኮምቦልቻ ላይ ተረጋግታችሁ መብላት ትችላላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን የረዳቱን ስልክ ያዙ። «አርባ ደቂቃ» ሲል ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ በሰዓት አስነግሩት። ስልኩ እጃችሁ ላይ ካለ ጡሩምባ አያስደነግጣችሁም።

ስንመለስ ዓርብ ነበር። እንደገና ደሴ፣ እንደገና አርባ ደቂቃ። አንድ ባጃጅ አስቁሜ ሹፌሩን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት። «እኔማ እዚች እናት ቤት ነው የምበላው» ብሎ ሽቅብ አንድ ቅያስ ወሰደን። ሰፌድ አልተሰቀለም። አራት ጠረጴዛ፣ በር ላይ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ሽሮ ይንተከተካል። ዋጋው በካርቶን ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እናቴ ካርቶኑን ሳታነብ «ስንት ነው እናቴ?» ብላ ጠየቀች፤ አሁን እሷም ለምዳለች። ሴትዮዋ ነገሯት፣ ከዚያ እጃችንን ታጠብን። ለጎረቤታችን ሽሮ፣ ለእኛ በያይነቱ። ጎመኑ ትኩስ ነው። ቃሪያው ተሰንጥቆ ሽንኩርት ገብቶበታል። እንጀራ ሲያልቅ ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው ጨመሩልን። ስንት ነው ስንላቸው «እንጀራ አይቆጠርም» አሉን። ምሳው ለሦስታችን 450፣ ቡናው 75። 525 ብር ከፍለን ስንወጣ አውቶቡሱ ሊነሳ ገና 15 ደቂቃ ይቀረው ነበር።