ኦክስፎርድ በባቡር፣ ደርሶ መልስ፦ ባቡሩስ ቀላል ነው፣ ችግሩ በሩ ነው

ለንደን ዘመድ መጥቶባችሁ የት እንደምትወስዱት ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ነሐሴ ላይ አክስቴ ከጎንደር መጥተው ነበር። ቢግ ቤንን አዩ፣ ቤተ መንግሥቱን አዩ፣ በሦስተኛው ቀን «ሕንፃ በቃኝ» አሉ። እኔም ሌላ ሕንፃ ላሳያቸው ኦክስፎርድ ወሰድኳቸው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷ የት እንደቀረች እነግራችኋለሁ።

ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከለንደን ሁለት መነሻ አለ፣ ፓዲንግተንና ሜሪልቦን፣ እኔም የተሸወድኩት እዚሁ ላይ ነው። ረከስ ያለውን ትኬት አየሁና በየት በኩል እንደሚል ሳላነብ ስልኬ ላይ ቆረጥኩ፣ ከዚያ አክስቴን ይዤ ፓዲንግተን ከች። ማሽኑ አላሳልፍም አለ። ለካ ትኬቱ በሜሪልቦን በኩል ብቻ ነው የሚያስኬደው! ደግነቱ በአንደርግራውንድ ሁለት ፌርማታ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አክስቴ ግን «ስንት ዓመት የኖርክበትን አገር አታውቀውም እንዴ?» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲያነሱብኝ ዋሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚያስኬደውን ኦፍ ፒክ ቁረጡ። ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ የሁለት ሰው የባቡር ቅናሽ ካርድ (ሬይልካርድ) ሲሶውን ይቀንስላችኋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ያለ ካርድም የቡድን ቅናሽ አለ።

ከጣቢያው መሃል ከተማ ለመድረስ የሩብ ሰዓት እግር መንገድ ቢሆን ነው። ጉልበት ለሚያማቸውም ቢሆን ቀስ እያሉ ይደረሳል።

«ዩኒቨርሲቲው ታዲያ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ አክስቴ፣ የጎንደሩን ማራኪ ግቢ እያሰቡ። ምን ልበላቸው? አንድ ግቢ የሚባል ነገር የለም። ከ30 በላይ ኮሌጆች በከተማው ተበትነዋል፣ እያንዳንዱ የራሱ አጥር፣ የራሱ በር፣ የራሱ ዘበኛ አለው። አንዱ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይከፍታል፣ አንዱ ያስከፍላል፣ አንዱ ጭራሽ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። እኛ ለይተን የሄድንበት ኮሌጅ በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አቁሞ «ዛሬ ለጎብኚ ዝግ» ይላል። በቃ፣ ምንም ማብራሪያ የለም። አንዷ ኮከብ የቀረችው እዚህ ነው። ስለዚህ ከባቡሩ ሰዓት ይልቅ የበሮቹን ሰዓት አጥኑ፣ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ድረ ገጻቸውን እዩ።

ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆቹ 1602 የተከፈተ ነው። እኛን የሚነካን ነገር ያለው እዚህ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ መጣ፣ ካመጣቸው ቅጂዎች አንዱ እዚህ ተቀምጧል። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። እንደ ሙዚየም ዕቃ ዘው ብላችሁ የምታዩት ግን አይደለም። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ግድግዳውን ሽቅብ አዩና «የእኛን ዕቃ አስቀምጠው እኔን ደጅ ያቆሙኛል?» አሉ። ዝም አልኩ።

ቅድስት ማርያም የምትባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ማማው ግን ይከፈልበታል፣ 127 ደረጃ አለው፣ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ የሚወርድ ሰው ካጋጠማችሁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ብቻዬን ወጣሁ። ከላይ ራድክሊፍ ካሜራ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ክብ ጣሪያ ፊት ለፊት ይታያል፣ ለእሱ ሲባል ደረጃው አይቆጭም። አሽሞሊያን ሙዚየምም ነፃ ነው፣ ዝናብ ከመጣ እዚያ ግቡ።

ፍልሰታ ስለነበር አክስቴ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀመሱም። ካፌ መፈለጉን ትተን ክራይስት ቸርች ሜዳ ላይ ተቀመጥንና ዳቦ ቆሏቸውን ከቦርሳ አወጡ። ሜዳው ነፃ ነው፣ ወንዝ አለው፣ ቀንዳቸው የተንዠረገገ ላሞች ይግጡበታል። አክስቴ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ትኩር ብለው ያዩት ነገር የለም።

የክራይስት ቸርች ኮሌጅ ትልቅ ደወል ደግሞ በየምሽቱ፣ በእኛ 3:05 ላይ፣ 101 ጊዜ ይደወላል። ለምን 5 ደቂቃ አሳለፈ ብትሉ፣ ኦክስፎርድ በድሮው የራሷ አቆጣጠር ከለንደን 5 ደቂቃ ወደኋላ ስለምትቀር፣ ለእነሱ ልክ 3 ሰዓት ነው። «የራሳቸው ሰዓት አላቸው በለኛ! እንደ እኛው ናቸው» አሉ አክስቴ፣ ከተማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድ አድርገው። እኛ ግን ደወሉን ሳንሰማ በ12 ሰዓቱ ባቡር ተመለስን።

ባቡሩ ውስጥ ጎንደር ደወሉ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም ስለ ማማውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ከብቶቻቸውን ብታይ፣ ቀንዱ ይሄን ያህላል፣ ሻኛ ግን የለውም! ሻኛ የሌለው ምን ከብት ነው?»