ባለገመድ ወይስ ብሉቱዝ? ርካሽ ኢርፎን በማሲንቆ ሲፈተን

ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ ኢርፎን ሲገዛ ያየሁት ሰው ሁሉ የሚሞክረው በአንድ መንገድ ነው። ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ቤዙ የሚደልቅ ዘፈን ይከፍታል፣ ይከፍላል። በባጃጁ ጩኸት መሃል ቤዙ የተጋነነ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። የዘፋኙ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ የሚታወቀው ቤት ሲገባ ነው።

እኔ የማነጻጽረው በማሲንቆ ነው። ጎንደር ተቀምጦ ሌላ መፈተኛ ለምን ይፈለጋል? ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ነው፤ አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ጥሩ ኢርፎን ላይ የጭራው መፋተግ ራሱ ይሰማል። የአዝማሪው ድምፅና ማሲንቆው ለየብቻ ይለያሉ። መጥፎው ላይ ተለውሰው አንድ ይሆናሉ። ቀጥሎ ከበሮ ክፈቱ። ምቱ "ድም" ብሎ ማቆም አለበት፤ "ድምምም" እያለ ከተጎተተ ቤዙ ልቅ ነው። ከዚያ ጭብጨባና እልልታ። ጆሮ ከወጋችሁ ተዉት፣ ሲውል ሲያድር ጆሮ ያደክማል።

በዚህ ፈተና፣ ዋጋቸው እኩል ከሆነ፣ ባለገመዱ ይበልጣል። የብሉቱዙ ዋጋ ለባትሪው፣ ለቺፑ፣ ለቻርጅ ማድረጊያው ሳጥን ይከፋፈላል፤ ለድምፅ ማውጫው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ባለገመዱ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሙንድሮፕ ቹ የሚባለውን ባለገመድ አስመጡ። በ2022 በ20 ዶላር ገደማ የወጣ ነው፤ የሰው ድምፅ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። የመጀመሪያው ገመዱ አይነቀልም፣ ቹ 2 ግን ይነቀላል። ቀድሞ የሚበጠሰው ገመድ ስለሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ብሉቱዙ ለሚሮጥና ሥራ ላይ እጁ ለማይፈታ ሰው ይመቻል። ግን ጌም ላይ ድምፁ ይዘገያል፣ በማይኩ ስታወሩ ጥራቱ ይወርዳል፣ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ መቀየሩ ከባድ ነው። ስልካችሁ የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው ወደ ብሉቱዝ አትሩጡ፤ ታይፕ ሲ ባለገመድ አለ።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ላይ ጎማ የሌለውን ዓይነት አልመክርም፤ ቤዙ በጎን ያመልጣል።

ስለ ጎማ ካነሳሁ፣ ታናሽ እህቴ አዲሱን ኢርፎኗን "ቤዝ የለውም" ብላ ልትመልስ ተነስታ ነበር። አብሮት የመጣውን ትልቁን ጎማ ቀየርኩላት። ያው ኢርፎን ሌላ ሆነ! ጎማው የጆሮን ቀዳዳ ካልዘጋ ውዱም ቀጭን ድምፅ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አብረው የመጡትን የጎማ መጠኖች ሁሉ ሳትሞክሩ አትፍረዱ።

ካርቶኑ ላይ "ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ" የሚለውን (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የሚያወጣው ድምፅ ማለት ነው) እለፉት። ርካሹም ውዱም ላይ ተጽፏል፣ ስለ ጥራት ምንም አይናገርም።

ለመግዛት ስትሄዱ ማሲንቆውን፣ ከበሮውንና እልልታውን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይሞቅ ሂዱ። ባለሱቁንም "ወደ ውስጥ ልግባና ልስማው" በሉት።