ቦውሊንግ (ኳስ አንከባሎ የቆሙ ፒኖችን መጣል)፦ ዘጠኝ ፒን ወይስ አሥር ፒን? ከድሬዳዋ ተነስቶ ለሚወዳደር

የአሥር ፒን ኳስ እስከ 7.26 ኪሎ ይመዝናል፤ የጣት ቀዳዳም አለው። ሜዳው ዘይት ስለሚቀባ የኳሱን መንገድ ማጠፍ በሲሚንቶ ወለል ላይ አይለመድም። ስትራይክ (በመጀመሪያ ውርወራ ሁሉንም ፒን መጣል) ጉርሻ ነጥብ አለው፤ የአንድ ጨዋታ ጣሪያ 300 ነው።

ክላሲክ የሚባለው የዘጠኝ ፒን ዓይነት ኳስ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ስፋቱ 16 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 2.8 ኪሎ ገደማ። በመዳፍ ስለሚያዝ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ሙቀት ላብ ያንሸራትተዋል፤ ፎጣ ከአጠገብ አይጥፋ። ጎንበስ ብሎ መሬት አስነክቶ መልቀቅ ነው፤ ከፍ ካለ ይነጥራል፣ መስመሩን ይስታል። ይህን ለስላሳ ሲሚንቶ ላይም መለማመድ ይቻላል፤ ለጀማሪ የምንመርጠውም ዘጠኝ ፒንን ነው።

በዓለም አቀፍ ውድድር 120 ውርወራ በ4 ሜዳ ይከፈላል። በየሜዳው 15ቱ በሙሉ ፒኖች ላይ፣ 15ቱ ቆመው የቀሩትን እየጣሉ እያጸዱ። ጉርሻ ስለሌለ ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ማጽዳቱ ላይ ነው፤ ለአንዲት የጥግ ፒን ሦስት ውርወራ ያባከነ አይካካስለትም።