ለፈረስ አገጭ፦ ጠፍር ወይስ ሰንሰለት?

ባለ ክንድ ልጓም፣ ማለትም ከፈረሱ አፍ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርድ የብረት ክንድ ያለው ልጓም፣ የሚሠራው እንደ ማንሻ ነው። ዛቡን (በእጃችሁ የምትይዙትን የልጓሙን መሳቢያ) ስትስቡ ክንዱ ወደ ኋላ ይዞርና ከአገጩ ስር ያለው ማሰሪያ ይይዛል። ስለዚህ የማሰሪያው ነገር በቀላሉ አይታይም።

ጠፍር ለስላሳ ነው፤ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ ጫናው ይከፋፈላል። እጁ ላልሰከነ ጋላቢ እኔ ያለ ጥርጥር እሱን ነው የምለው። የደሴ ክረምት ግን አይምረውም፤ ዝናብና ላብ ሲፈራረቅበት ይላላል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቅባት ካልቀባችሁት አይበረክትም። ሰንሰለት ይጠነክራል፣ ታጥቦ ቶሎ ይጠራል። ቀለበቶቹ ከተጠማዘዙ ግን ቆዳውን ይቆነጥጡታል፤ ፀጉሩ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ዝንቡ እዚያው ነው። ሰንሰለት ካሰራችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት፣ ልሙጥ ሆኖ ይተኛ።

የትኛውም ቢሆን በአገጩና በማሰሪያው መሃል 2 ጣት ይግባ። ክንዱ 45 ዲግሪ ገደማ ሲዞር ካልያዘ ላልቷል፤ አንድ ቀዳዳ አጥብቁት።